ወፎቹ የሚያውቁት ካፖርት

ጉንቮር ማይክሮፎን ስትይዝ ሌላ ሰው ትሆናለች። ቤቷ ጎረቤት መጥቶ «እንዴት ከረምሽ?» ቢላት «እንዳለ ነው» ብላ ወሬውን የምትቆርጥ ሴት ናት። አሻጋሪዋ መርከብ የብረት አፏን ከፍታ አውቶቡሳቸውን ስትውጥ ግን፣ ከሾፌሩ ወንበር ጎን ቆማ፣ አንድ እጇን ከጣሪያው ዘንግ ላይ አንጠልጥላ፣ ምላሷ ይፈታል። ሾፌሩ ታናሽ ወንድሟ ኦድቫር ነው። አውቶቡሱ የሁለቱ ነው፤ እሱ ይነዳል፣ እሷ ታወራለች። ይህን የኖርዌይ ሰሜናዊ ዳርቻ ሊያይ የሚመጣ እንግዳ ጠዋት ከወደብ ከተማዋ ተሳፍሮ፣ ሦስት ቦታ ባሕር ተሻግሮ፣ ማታ ደክሞትና ንፋስ ጠጥቶ ይመለሳል።

በመርከብና በመርከብ መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ከደሴት ወደ ደሴት በድልድይ ይዘላል፤ በግራ ቀጥ ብሎ የቆመ ጥቁር ተራራ፣ በቀኝ በጎች፣ ከበጎቹ ቀጥሎ ባሕር። ከተሞቹ ከተማ ሲባሉ ራሳቸውም የሚያፍሩ ይመስላሉ። ቀይና ቢጫ የተቀቡ ጥቂት የእንጨት ቤቶች፣ አንድ ሱቅ፣ መቃብሩ ፊቱን ወደ ባሕር ያዞረ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ የዓሣ ማድረቂያ ቆጥ።

«እዚህ ከተማ ሁለት ፖሊሶች ነበሩ» ትላለች ጉንቮር በማይክሮፎኑ። «አንዱ ሌላዋን አገባትና አሁን ሁለቱም የወሊድ ፈቃድ ላይ ናቸው። መስረቅ የምትፈልጉ እስከ መስከረም ጊዜ አላችሁ።»

«ምን ሊሰርቁ?» ይላል ኦድቫር ከመሪው ጀርባ። «እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አጥቻለሁ።»

እንግዶቹ ይስቃሉ። ቀልዱ በየቀኑ ያው ነው፤ እሱም በየቀኑ ያችኑ ቦታ ጠብቆ ይመልሳል። እንዲህ ያለ መግባባት ከትዳር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ጉንቮር ትዳሯ ሲፈርስ ምንም ያልመሰላት፣ ምናልባት፣ ጠዋት ጠዋት ያ መልስ ስለሚጠብቃት ነበር።

ጉዞው የሚያበቃው ሉርነስ በሚባለው የመሬት አፍንጫ ላይ ነው። እዚያ ሁሉም ይወርዳል። ጉንቮር ከማዶ፣ እንደ ተኛ ዓሣ ነባሪ ጀርባዋን ብቻ የምታሳይ ግራጫ ደሴት ትጠቁማለች።

«ያቺ ሉርሆልም ናት። የወፎቹ ቤት እዚያ ነው።»

«ታዲያ መቼ ነው የምንሻገረው?» ይላል ሁልጊዜ አንድ ሰው።

«አንሻገርም። እዚህ ድረስ የመጣነው ላለመሻገር ነው።»

ያጉረመርማሉ። አንዳንዱ ቀልድ መስሎት ጀልባውን በዓይኑ ይፈልጋል። እሷ ግን ያን ጊዜ ማይክሮፎን ሳትይዝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የእናቷን ነገር ትነግራቸዋለች።

እናታቸው አልፍሂልድ የወፍ ጠባቂ ነበረች። በዚያ አገር የባሕር ዳክዬ የዱር ወፍ ነው፤ የሚያስረውም የሚቀልበውም የለም። ሰው ግን ቤት ይሠራለታል። ከጠፍጣፋ ድንጋይና ማዕበል ካወጣው እንጨት የተሠሩ፣ ከጉልበት የማያልፉ ቤቶች፤ ወለላቸው ላይ የደረቀ የባሕር ሣር ይነጠፋል። በጸደይ ዳክዬዋ ከውኃ ወጥታ አንዱን ትመርጣለች። ከገዛ ደረቷ ላባ ነጭታ ታነጥፍና እንቁላሏን ትታቀፋለች። ጫጩቶቿን ይዛ ወደ ባሕር ስትወርድ ላባውን ትታ ትሄዳለች፤ ያ ላባ ተበጥሮ ተጣርቶ ብርድ ልብስ ይሆናል። አልፍሂልድ ይህን «የቤት ኪራይ» ትለው ነበር። ሰውም በበኩሉ የሚከፍለው ነበረው። ወፎቹ መጥተው እስኪሄዱ ድረስ ያለው ጊዜ «ጸጥታው» ይባላል። በጸጥታው ውሻ አይጮህም፣ መዶሻ አይነሳም፣ የታጠበ ልብስ ገመድ ላይ አይሰጣም፣ ሞተር አይነሳም፤ ወደ ደሴቲቱ የሚሄድ በመቅዘፊያ ነው። እንግዳ ደግሞ ከጸጥታው ውጭም ቢሆን ፈጽሞ አይገባም።

አልፍሂልድ ዓመት ዓመት ያንኑ አንድ ሰማያዊ የሱፍ ካፖርት ትለብስ ነበር። ክርኑ ላይ ተቀዶ በቡናማ ጨርቅ ጥፋዋለች። «ወፍ ፊት አያይም፤ ልብስ ነው የሚያውቀው» ትል ነበር። ካፖርቱ ሲመጣ ዳክዬዋ አንገቷን እንኳ አታነሳም። አልፍሂልድ እጇን ከሥሯ ሰድዳ እርጥቡን ሣር በደረቅ ስትቀይርላት፣ ዳክዬዋ እንደምታንቀላፋ አሮጊት ዓይኗን ጨፈን ገለጥ ታደርጋለች።

አልፍሂልድ ስትታመም ማንም ሉርሆልም አልሄደም። ወፎቹም ቀሩ። ከሞተች በኋላ በሁለተኛው ጸደይ ጉንቮር ካፖርቱን ለብሳ ብቻዋን ቀዝፋ ሄደች። ባዶ ቤቶቹን ጠረገች፣ ሣሩን አነጠፈች፣ እናቷ ትቀመጥበት የነበረ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ያን ዓመት ማንም አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው አንዲት ዳክዬ ወጥታ፣ ቆማ፣ ካፖርቱን ረጅም ጊዜ አይታ፣ ገባች። ጉንቮር ያን ቀን እንዴት እንዳለቀሰች ለእንግዶቹ አትነግርም። ከዚያ ወዲህ ቤቶቹ አንድ በአንድ እየሞሉ፣ አምና ባዶ የቀረው ከማዕበሉ አጠገብ ያለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጉንቮር በየጸደዩ አውቶቡሱን ለኦድቫር ትተዋለች። እሱ ብቻውን ይነዳል፣ ብቻውን ያወራል። እሷ ሉርሆልም ላይ ባለችው አንድ ክፍል ጎጆ ውስጥ ትከርማለች። ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ከደሴቲቱ ወጥቶ አያውቅም፤ ናፍጣና ከተማ እንዳይሸት።

በዚያ ዓመት ጸጥታው በተጋመሰ ጊዜ ጥርሷን አመማት። ኦድቫር ዳቦና ቡናማ አይብ ይዞላት እየቀዘፈ መጣ። እንደ ደንቡ ደሴቲቱን ሳይረግጥ፣ ከጀልባው ላይ ሆኖ አያት።

«ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?» አላት በሹክሹክታ። «ጉንጭሽ እኮ የሠርግ ዳቦ ሆኗል።»

«ያልፋል።»

«አንቺ ታልፊያለሽ እንጂ እሱ የሚያልፍ አይመስልም። ሐሙስ የጥርስ ሐኪሙ ጋ ቦታ ይዤልሻለሁ።»

«በጸጥታው መሃል? አብደሃል?»

«አንድ ቀን እኮ ነው፣ እቴ። ሐሙስ ሥራ የለኝም። እዚህ ጀልባዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንቁላሎቹን ከአሞሮች እጠብቅልሻለሁ። እንዲህ እንዳለሁ፤ እግሬ መሬት አይነካም።»

ጉንቮር ወንድሟን አየችው። ሰባት ዓመቱ ሳለ በጸጥታው መሃል የቆርቆሮ ፊሽካ ነፍቶ ወፎቹን ያስነሳ ልጅ ነበር። እናታቸው ከዚያ ወዲያ በየጸደዩ ማዶ አክስታቸው ቤት ትልከው ነበር። አሁን ጸጉሩ ሸብቷል፤ በሹክሹክታ እያወራ፣ መቅዘፊያው እንዳይንኳኳ በጨርቅ ጠቅልሎታል። ‘ሰው ሆነልኝ’ አለች በልቧ።

ሐሙስ ጠዋት ካፖርቱን አወለቀች፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ ቀዝፋ ሉርነስ ወደብ ደረሰች። ኦድቫር በጀልባው ወደ ሉርሆልም ሲሄድ በመንገድ ተላለፉ። እጁን አነሳላት፤ እሷም አነሳችለት።

ጥርሱ ተነቀለ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ ፊቷ እንደ ደነዘዘ፣ በመርከቧ ሉርነስ ተመለሰች። መርከቧ አፏን ስትከፍት ጉንቮር በመጀመሪያ ያየችው የራሳቸውን አውቶቡስ ነበር፤ ለመሳፈር ከቆሙት መኪናዎች ሁሉ ፊት።

መጀመሪያ ክፉ ነገር የደረሰ መሰላት። አንድ ሰው ሰጥሞ ይሆን? ኦድቫር ታሞ ይሆን? ወደ ወደቡ መሸጫ ሮጠች። ቶርዲስ፣ መሸጫውን የምትይዘው የልጅነት ጓደኛዋ፣ ወፍል የሚሉት ትኩስ ቂጣ ላይ ጎምዛዛ ክሬም እየቀባች ነበር። ክፍሉ ቦርሳና ካሜራ ባንጠለጠሉ ሰዎች ሞልቷል።

«ጉንቮር! በጸጥታው ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ኦድቫር የት አለ?»

«አውቶቡሱ ውስጥ፣ ተኝቷል መሰለኝ። ትናንት ማታ ያመጣቸውን እንግዶች አድርሶ ሲመለስ እንኳ ቡና አልጠጣም።»

«ከየት ሲመለስ?»

ቶርዲስ ወደ ወፍሏ አቀረቀረች። መልሱን የሰጠችው አጠገባቸው የቆመች፣ ቀይ ጃኬት የለበሰች፣ ከደቡብ የመጣች ደስተኛ ሴት ናት።

«ኧረ እናንተ ታድላችሁ!» አለች። «እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ይኸው፣ እዪ፣ እዪማ!» ስልኳን ዘረጋችላት።

ፎቶው ላይ ዳክዬዋ በድንጋይ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች። በጣም ቅርብ ናት፤ የዓይኗ ጥቁር ላይ ሰማዩ ይታያል። በፎቶው ጠርዝ አንድ የተዘረጋ እጅ አለ። እጅጌው ሰማያዊ ነው፤ ክርኑ ላይ ቡናማ እራፊ።

«የእህቱ ካፖርት ነው አለን ሾፌሩ» አለች ሴትዮዋ። «ወፎቹ እሱን ብቻ ነው የሚያምኑት። በጀልባው እየቀዘፈ በየተራ አሻገረን፤ ከዚያ እሱ ከፊት፣ እኛ ከኋላ በሰልፍ። ማንም አልተነፈሰም። አንዷም አልተነሳችም፣ ታምኛለሽ?»

ጉንቮር አመነች። ክው ያደረጋትም ይኸው ነበር። አለመነሳታቸው።

አውቶቡሱ በር ክፍት ነበር። ኦድቫር እንቅልፍ አልወሰደውም፤ መሪው ላይ ሁለት እጁን ጭኖ ባሕሩን ያያል። ሲያያት ተነሳ፣ ከዚያ መልሶ ተቀመጠ።

«ቀድመሽ መጣሽ» አለ።

«ጥርሴ ቶሎ ወጣ።»

«ጉንቮር፣ ስሚኝ። ምንም አልሆነም። አንድም ወፍ አልተነሳም።»

«አይቻለሁ።»

«ከተማ ያለው አስጎብኚ ድርጅት ትልቅ አውቶቡስ ሊያስገባ ነው፤ መርከብ ሙሉ ሰው ይዞ። እኛ ምን አለን? አንድ የተኛ ድንጋይ ከሩቅ አሳይተን 'አንሻገርም' እንላለን! ሰው ይህን ለማየት ነው ከደቡብ የሚመጣው? አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ ጊዜ ካሳየሁ ወሬው ይዞራል ብዬ ነው።»

«የማንን ካፖርት ለበስህ?»

«የእናቴን!» አለ። ድምፁ ድንገት ከፍ ብሎ ራሱንም አስደነገጠው። «የእናቴን ነው የለበስኩት። ላንቺ ብቻ እናት ነበረች እንዴ? አንቺ በየጸደዩ እግሯ ሥር ቁጭ ትያለሽ፤ እኔ ለዳክዬ ሲባል ከቤት እባረራለሁ። ለዳክዬ! አንዴ ፊሽካ ስለነፋሁ! እሷን በዚያ ካፖርት ውስጥ በጸደይ አይቻት አላውቅም እኮ። ዛሬ ስለብሰው ምን እንደተሰማኝ ታውቂያለሽ?»

ጉንቮር የደነዘዘ ጉንጯን በእጇ ያዘች። ለንግግር የሚታዘዛት የአፏ ግማሹ ብቻ ነበር።

«ብትጠይቀኝ ኖሮ» አለች ቀስ ብላ፣ «አንተን ብቻህን ወስጄ አለብስህ ነበር። አብሬህ እቀመጥ ነበር።»

ኦድቫር አፉን ከፈተ። የመርከቧ ሠራተኛ ብርቱካናማ ጓንቱን እያወዛወዘ «ኦድቫር! ግባ እንጂ! ገና እያሰብክ ነው?» ብሎ ጮኸ። እንግዶቹ ወፍላቸውን እያኘኩ እየሳቁ በጉንቮር አጠገብ አልፈው ገቡ። ቀይ ጃኬት የለበሰችው ሴት በመስኮቱ እጇን አወዛወዘችላት። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፣ የመርከቧ የብረት አፍ ተዘጋ።

ጉንቮር ቀዝፋ ሄደች።

ሴትዮዋ ያየችው እውነት ነበር፤ ካፖርቱ ፊታቸው ሳለ ማንም አልተነሳም። ግን ኦድቫር መንገድ እየመራ ወደ ጀልባው ሲመለስ ከኋላ የቀሩት ለአንድ ተጨማሪ ፎቶ ጎንበስ ብለው መሆን አለበት። ካፖርቱ ሄዶ ሰው ብቻ ቀረ። ከጀልባ ማረፊያው ጎን ባሉት ቤቶች ውስጥ ዳክዬ የለም። ተደናግጣ የምትነሳ ዳክዬ ላባውን እንቁላሏ ላይ ለመሸፈን ጊዜ አታገኝም። አሞሮቹም አይተኙም። የተሰበረው ቅርፊት፣ የፈሰሰው አስኳል፣ በድንጋዩ ላይ የሚንከባለለው የደረት ላባ። ከኋላው ቤት አንድ እንቁላል ሳይነካ ቀርቷል። አነሳችው። ከባሕር ድንጋይ እኩል ቀዝቅዟል።

በደቡብ በኩል፣ ሰዎቹ ያልደረሱበት ጥግ፣ ገና የታቀፉ ነበሩ። ጉንቮር ወደ ጎጆዋ ገባችና ካፖርቱን ከሚስማሩ አወረደች። የተሰቀለው በአንገቱ ሳይሆን በእጅጌው ነበር። የኦድቫር ከንፈር ሥር የሚይዘው ትንባሆ ይሸታል። ለበሰችው፣ በቀስታ፣ እናቷ እንደምትሄደው ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ ወደ ደቡቡ ጥግ ሄደች።

መጀመሪያ አንዲቷ አንገቷን አነሳች። ቀጥሎ ሌላዋ። ጉንቮር ቆመች። ዳክዬዎቹ ካፖርቱን አዩት፤ ያን የሚያውቁትን ሰማያዊ፣ ያን ቡናማ እራፊ። ከዚያ አንዲቷ ተነሳች። ክንፏ ድንጋዩን መታ። ጉንቮር እዚያው ቦታ፣ አንዲት እርምጃ ሳትጨምር፣ ካፖርቱን አውልቃ ጠቅልላ ከሆዷ ሥር ደበቀችውና ሣሩ ላይ ተኛች። ዝናብ ያዘለ ንፋስ ነበር። ሸሚዟ ከጀርባዋ እስኪጣበቅ ተኛች። የተነሳችው ዳክዬ ረጅም ጊዜ ዙሪያዋን አይታ፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ጉንቮር ከዚያ ወዲህ በጸጥታው ውስጥ ወደ እነሱ አልቀረበችም። ሣራቸው ይረጥብ ነበር፤ ከሩቅ እያየች ተወችው።

ጸጥታው ሲያበቃ ኦድቫር መጣ፤ በሞተር። ዓሣ ቀቅሎ፣ ድንች ቀቅሎ፣ በፎጣ ጠቅልሎ። ማረፊያው ላይ ቆሞ አለቀሰ። ድርጅቱ ትልቁን አውቶቡስ ሊያስገባ ነው የተባለው ወሬ ብቻ እንደነበረ ነገራት። ጉንቮር ካፖርቱን ሰጠችው።

«ውሰደው።»

«ለኔ?»

«የእናትህ ነው። ወፎቹ ከእንግዲህ አያውቁትም።»

እሱ ግን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። አቀፋት። ይቅር አልሽኝ፣ አላት። ምንም አልመለሰችለትም፤ ዝምታዋንም እንደ እሺታ ወሰደው። ካፖርቱን አውቶቡሱ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ፣ እራፊው እንዲታይ አድርጎ ሰቀለው። በዚያ ክረምት ሁሉ ለእንግዶቹ ታሪኩን የሚነግረው እሱ ነው። ቶርዲስ እንደምትለው በደንብ ይነግረዋል፤ ስለ ፊሽካው ሳይቀር። አንዳንዴ እንግዳ እንዲለብሰው ይፈቅድለታል፣ ፎቶ ይነሳል። ጉንቮር ማይክሮፎኑን ከተወች በኋላ «ምን ሊሰርቁ?» የሚለውን ቀልድ ማን እንደሚጀምርለት ግን ቶርዲስ አልነገረቻትም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በሚቀጥለው ጸደይ በረዶው ከድንጋዩ ላይ ሲለቅ ጉንቮር ወደ ሉርሆልም ቀዘፈች። ወደብ ሱቅ የገዛችው አረንጓዴ የዝናብ ልብስ ለብሳለች፤ እንዳይንኮሻኮሽ ሦስት ጊዜ አጥባዋለች። ቤቶቹን ጠረገች። ሣሩን አነጠፈች። የእናቷ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ወፎቹ መጥተዋል። ከዳርቻው ራቅ ብለው ውኃው ላይ ናቸው፤ ነጭ ወንዶቹ፣ ቡናማ ሴቶቹ። ይዞራሉ፣ ያያሉ። ከማዶ ሉርነስ ላይ አውቶቡሱ ቆሟል፤ ሰዎቹ በዳርቻው ተሰልፈዋል። በዚያ ርቀት ፊት አይለይም። ከሰልፉ መካከል አንድ ሰማያዊ ነገር ግን ጎልቶ ይታያል፤ ማን እንደለበሰው አይታወቅም።

አንዲት ዳክዬ ከሌሎቹ ተለይታ እስከ ድንጋዩ መጣች። ጉንቮር ትንፋሿን ያዘች። ዳክዬዋ አረንጓዴውን ልብስ አየችው፣ አንገቷን ወደ ሉርነስ አዞረች፣ ሰማያዊውንም አየች። ከዚያ ወደ ውኃው ተመልሳ፣ ከሁለቱም እኩል በሚርቅ ቦታ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች።

ጉንቮር አልተነሳችም። የዝናብ ልብሱን ኮፍያ አጠለቀችና ነገም ይህንኑ ልብስ ለብሳ እዚሁ ለመቀመጥ ወሰነች።